የዓባይን በረሃ ማዶውን እያዩ ማንበብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሰላሌ በኩል ወደ ጎጃም የሚሄድ መንገደኛ ጎሐ ጽዮንን እንዳለፈ መሬቱ በድንገት ይከዳዋል። እስከዚያ ድረስ የተጓዘበት ሜዳ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው፣ ጤፍና ስንዴ የሚዘራበት የዋልካ ምድር ነበር። ከአፋፉ በኋላ ግን መንገዱ እየተጠማዘዘ 1,400 ሜትር ያህል ወርዶ ዓባይን ይሻገራል፣ ከዚያም ያንኑ ያህል ወጥቶ ደጀን ይደርሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው አስፋልት 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ ወፍ እንደሚበር በቀጥታ ቢለካ ግን ከዚያ ግማሽ ያህል ብቻ ነው። የአካባቢው ሰው ይህን ሸለቆ «ዓባይ በረሃ» ይለዋል፤ በረሃ ሲልም አሸዋማ ምድረ በዳ ማለቱ ሳይሆን ሙቀቱ የሚያይልበትን ቆላ ማለቱ ነው።

አብዛኛው መንገደኛ ይህን ስፍራ የሚያልፈው የመኪናውን ፍሬን እያሰበ ነው። ይህ መመሪያ የተጻፈው ግን ወርዶ መሬቱን በዓይኑ ለማንበብ ለሚፈልግ ሰው፣ በተለይም ተማሪዎቹን ይዞ ለሚሄድ የጂኦግራፊ መምህር ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መያዝ ያለበት አንድ ነገር አለ፦ ሸለቆ የሚነበበው ከቆሙበት ገደል ላይ ሳይሆን ከማዶው ነው። የቆሙበት ገደል ከእግርዎ ሥር ስለተደበቀ ትከሻው ብቻ ይታይዎታል፤ ማዶው ግን ከአናቱ እስከ ወንዙ ድረስ እንደ ተከፈተ መጽሐፍ ፊት ለፊት ይቆማል። የዓባይ ሸለቆ የድንጋይ ንብርብሮች በአመዛኙ አግድም የተነጠፉ በመሆናቸው፣ በማዶው በአንድ ከፍታ ላይ የሚያዩት ድንጋይ እርስዎ ባሉበትም በኩል በዚያው ከፍታ ገደማ ይገኛል። ስለዚህ ከመውረድዎ በፊት የሚረግጡትን ሁሉ አስቀድመው ማየት ይችላሉ ማለት ነው።

ጊዜውን መምረጥ

ለዚህ ሥራ ከጥቅምት አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ያለውን ጊዜ የሚያህል የለም። ክረምቱ አየሩን አጥቦት ስለሚያልፍ ማዶው ጥርት ብሎ ይታያል፤ ከጥር በኋላ ግን አቧራውና ጭሱ ሸለቆውን በግራጫ ጉም ይሸፍኑታል። ወንዙ በድልድዩ አካባቢ በጥቅሉ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ስለሚፈስ የደጀን ገደል ፊቱን ወደ ደቡብ ያዞረ ነው። በበጋ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ይህ ገደል ቀኑን ሙሉ ብርሃን ያገኛል፣ የጎሐ ጽዮን ገደል ደግሞ ጥላ ይበዛበታል። እንግዲህ ዋናውን ንባብ ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ሆኖ ደጀንን እያዩ ማድረግ ይሻላል። ሰዓቱም ከጠዋቱ 2 እስከ 4፣ ወይም ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ይሁን፤ ፀሐይ ዝቅ ስትል እያንዳንዱ እርከን የራሱን ጥላ ይጥላል፣ በእኩለ ቀን ግን ሁሉም ጠፍጣፋ ይመስላል።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። ማስታወሻ ደብተርና እርሳስ፣ ከፍታ የሚያሳይ ስልክ፣ ካለ አቅራቢ መነጽር፣ ሰንጢ፣ በትንሽ ጠርሙስ ኮምጣጤ፣ ኮፍያና ከገመቱት በላይ ብዙ ውኃ ይያዙ። የመንገዱን ሁኔታና ጸጥታ ከመነሣትዎ በፊት ይጠይቁ።

ካርታው ላይ የሚሠራ የቤት ሥራ

የአካባቢውን 1፡50,000 ካርታ ያገኘ ሰው ግማሹን ሥራ ጠረጴዛ ላይ ሊጨርስ ይችላል። ኮንቱር የሚባሉት የከፍታ መስመሮች እርስ በርስ ተጠጋግተው ጥቁር ሪባን የሚመስሉበት ቦታ ገደል ነው፤ ሰፋ ሰፋ ብለው የሚሄዱበት ደግሞ እርከን ወይም ለዘብ ያለ ተዳፋት ነው። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን አንድ ቀጥታ መስመር ያስምሩ፣ መስመሩ እያንዳንዱን ወፍራም ኮንቱር የሚያቋርጥበትን ቦታ ከፍታውን ይመዝግቡ፣ ከዚያም በካሬ ወረቀት ላይ ነጥቦቹን አገናኝተው የሸለቆውን የጎን ቅርጽ ይሳሉ። የሚወጣው ስዕል ለስላሳ የቪ ቅርጽ ሳይሆን ደረጃ ደረጃ ያለው ይሆናል። እነዚያ ደረጃዎች በኋላ አፋፉ ላይ ቆመው የሚፈልጓቸው ናቸው።

በሰፊው ካርታ ደግሞ ወንዙ ለምን እንዲህ እንደሚዞር ይመልከቱ። ዓባይ ከጣና ሲወጣ ከፍታው 1,786 ሜትር ገደማ ነው። ወደ ሱዳን ለመሄድ በቀጥታ ወደ ምዕራብ መውረድ ሲችል፣ መጀመሪያ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ቀጥሎ ወደ ደቡብ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብና ወደ ሰሜን ምዕራብ ታጥፎ ጎጃምን በሦስት ወገን አቅፎ ይዞራል። በዙሩ መካከል ከ4,000 ሜትር በላይ የሚነሣው የጮቄ ተራራ አለ። ጮቄ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ያረፈ፣ እንደ ተደፋ ጋሻ ሰፍቶ የተቀመጠ እሳተ ገሞራ ነው፤ ወንዙም ይህን ጋሻ ጥግ ጥጉን ይዞ ይዞራል። ይህን የተረዳ ሰው የገባሮቹን አለመመጣጠንም ወዲያው ያስተውላል። በጎጃም በኩል እንደ ሙጋ፣ ሱሃና ጨሞጋ ያሉት ከጮቄ ተንደርድረው የሚወርዱ አጫጭር ወንዞች ሲሆኑ፣ በግራው ዳር ግን በሽሎ፣ ወለቃ፣ ጀማ፣ ሙገር፣ ጉደር፣ ፊንጫ፣ ዲዴሳና ዳቡስ ከሩቅ እየመጡ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ሸለቆ ቆፍረው ይቀላቀሉታል። የግራና የቀኝ ዳር የሚለየው ወንዙ ወደሚፈስበት አቅጣጫ ፊትን አዙሮ መሆኑን ለተማሪዎች አስቀድሞ መንገር ብዙ ግራ መጋባትን ያስቀራል።

ከጣና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ያለው የጢስ ዓባይ ፏፏቴ የዚሁ ታሪክ አካል ነው። በጂኦሎጂ አቆጣጠር የቅርብ በሚባል ዘመን የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት የጣናን መውጫ ገድቦ ሐይቁን እንዳቆረው ይታመናል፤ ፏፏቴውም የሚወርደው ከእንዲህ ያለው የባዛልት (ቅልጥ ዓለት ቀዝቅዞ የሚሆነው ጥቁር ድንጋይ) ንጣፍ ጫፍ ላይ 40 ሜትር ገደማ ከሚሆን ከፍታ ነው። ከፏፏቴው በታች ወንዙ በጠባብ ሰርጥ ውስጥ ስለሚያልፍ፣ በ17ኛው መቶ ዘመን በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ የድንጋይ ድልድይ ሊሠራበት የቻለው እዚያ ነው።

በአፋፉ ላይ

ከጎሐ ጽዮን አፋፍ ሲደርሱ ከጫፉ ሦስት አራት እርምጃ ወደ ኋላ ይቁሙ፤ የተሰነጠቀ ባዛልት ከታች የተቦረቦረ መሆኑን ከላይ ሆኖ ማወቅ አይቻልም። ወደ ሸለቆው ከማየትዎ በፊትም ዞር ብለው የመጡበትን ሜዳ ይመልከቱ። ያ ሜዳ ሜዳ የሆነው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከመሬት ስንጥቅ እየገነፈለ የፈሰሰ ቅልጥ ዓለት አንዱ በሌላው ላይ ተደራርቦ የቀደመውን መልክዓ ምድር ስለቀበረው ነው። በበጋ የሚሰነጣጠቀው፣ በክረምት ከጫማ ጋር የሚጣበቀው ጥቁር ዋልካ የዚያ ድንጋይ ልጅ ነው።

አሁን ወደ ማዶው ይዙሩ፤ ዓይንዎ ግን በቀጥታ ወደ ወንዙ እንዳይወርድ ይከልክሉት። ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው ውኃውንና ድልድዩን ነው፣ እነሱን ካየም በኋላ የመካከሉን ሺህ ሜትር ሳያስተውለው ይቀራል። በደብተርዎ ላይ በመጀመሪያ የማዶውን አፋፍ መስመር ይሳሉ። ከዚያ ከላይ ወደ ታች ቀስ ብለው እየወረዱ የቁልቁለቱ ዓይነት በተለወጠ ቁጥር አጭር መስመር ያስምሩ። ሦስት ቃላት ብቻ ይበቃሉ፦ ቀጥ ብሎ ለቆመው «ገደል»፣ ለተንጋለለው «ተዳፋት»፣ ጠፍጠፍ ላለው «እርከን»። የድንጋይ ስም ለመጻፍ አይቸኩሉ። ጠንካራ ድንጋይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፣ ለስላሳው ይንጋለላል፤ ይህን አንድ ሕግ ብቻ ይዘው የሳሉት ስዕል በኋላ ከስሞቹ ጋር ሲገጥም ማየት ከማንኛውም ገለጻ የበለጠ ያስተምራል።

ስዕሉ ሲያልቅ ንብርብሮቹን ከላይ ጀምረው ይሰይሟቸው። አናቱ ላይ ያለው ጠቆር ያለ፣ ትልልቅ ደረጃ የሚመስለው ባዛልት፣ ማለትም ጥቁር ድንጋይ ነው። እያንዳንዱ ደረጃ አንድ የቅልጥ ዓለት ፈሰስ ወይም የተወሰኑ ፈሰሶች ጥርቅም ነው፤ በደረጃዎቹ መካከል አንዳንዴ ቀላ ያለ ቀጭን ቀበቶ ይታያል፣ እሱም በሁለት ፈሰሶች መካከል በነበረው ረጅም ዕረፍት የተፈጠረና ቀጣዩ ትኩስ ፈሰስ የጠበሰው ጥንታዊ አፈር ነው። በእኔ አስተያየት በሸለቆው ውስጥ ካሉት ምልክቶች ሁሉ ይህ ቀይ ቀበቶ የሚያህል የለም፤ በእሳት ዘመን መካከል ሣር የሚበቅልበት ጸጥ ያለ ጊዜ እንደነበረ ይመሰክራልና።

ከባዛልቱ ሥር ፈዘዝ ያለ፣ ወደ ቢጫና ቀይ የሚያደላ የአሸዋ ድንጋይ ይመጣል። እዚህ ቦታ ብዙም ጎልቶ ስለማይታይ ሊያልፍዎት ይችላል፤ በቅርብ ለማየት የሚፈልግ በመንገዱ ላይ ወደ ደብረ ሊባኖስ ጎራ ቢል ባዛልቱ በዚሁ የአሸዋ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ያገኘዋል። ቀጥሎ የሚታየው ነጣ ያለ፣ እንደ ተደረደረ መጽሐፍ መስመር መስመር ያለው ገደል የኖራ ድንጋይ ነው፤ የሙገር ሲሚንቶ የሚሠራው ከዚሁ ዓይነት ንብርብር በሚወጣ ድንጋይ ነው። ከእሱ በታች ቁልቁለቱ በድንገት ይለዝባል፣ ጉብታዎችና ፈፋዎች ይበዛሉ፤ እዚህ ያለው ጂፕሰም (ለስላሳ፣ ነጣ ያለ ማዕድን)፣ ሸክላማ ጭቃ ድንጋይና ቀጫጭን የኖራ ንጣፎች ሲሆን፣ ጂኦሎጂስቶች ንብርብሩን በከተማዋ በጎሐ ጽዮን ስም ይጠሩታል። በመጨረሻም ወንዙ አጠገብ ግድግዳ ሠርቶ የሚቆመው ቀላ ያለው የታችኛው የአሸዋ ድንጋይ ነው።

መጽሐፉ ግን ከታች ወደ ላይ ነው የተጻፈው። በመጀመሪያ ወንዞች አሸዋ አነጠፉ። ባሕር ቀስ በቀስ ሲጠጋ ጥልቀት የሌለው ውኃ እየተነነ ጂፕሰም ጣለ። ከዚያ በጁራሲክ ዘመን ባሕሩ ምድሩን ሸፍኖ የኖራ ድንጋይ አስቀመጠ፣ ሲሸሽም ወንዞች ተመልሰው የላይኛውን አሸዋ አነጠፉ። ከረጅም ጊዜ በኋላ ባዛልቱ ፈሰሰ። ሸለቆው ከሁሉም በኋላ የመጣ ነው። ወንዙ ወደ ታች ብቻ አልቆፈረም፤ ምድሩ ራሱ ወደ ላይ ይነሣ ነበር፣ ወንዙም ከፍ በሚልበት ምድር ውስጥ እየቆረጠ ቦታውን ጠበቀ። ቁፋሮው እኩል ፍጥነት እንዳልነበረውና ካለፉት 10 ሚሊዮን ዓመታት ወዲህ፣ በተለይም ባለፉት 6 ሚሊዮን ዓመታት እንደ ፈጠነ ያጠኑት ተመራማሪዎች ጽፈዋል።

ሲወርዱ

መኪናውን ሰፊ የመንገድ ዳር ባለበት ብቻ ያስቁሙ፤ መታጠፊያ ላይ መቆም ለራስም ለሌላውም አደጋ ነው። በቆሙ ቁጥር ከፍታውን ከስልክዎ ያንብቡና ማዶውን አይተው በስዕልዎ ላይ የትኛው መስመር አጠገብ እንዳሉ ያግኙ። ሙቀቱንም ይከታተሉ። በየ100 ሜትሩ ውርደት 0.6 ዲግሪ ያህል ስለሚጨምር ከአፋፉ እስከ ድልድዩ የ8 እና የ9 ዲግሪ ልዩነት ይኖራል፤ ጋቢ ያስለበሰዎት አየር ድልድዩ ጋ ሲደርሱ ሸሚዝ ያስወልቃል። ዕፀዋቱም ይህንኑ ይከተላሉ፤ ላይ ያለው ደጋና ወይና ደጋ ታች ወዳለው የቆላ ግራርና ቁጥቋጦ ይለወጣል።

ድንጋዮቹን በእጅ መለየት ከባድ አይደለም። መንገድ ለመሥራት በተቆረጠው ግድግዳ ሥር ከወደቁት አንድ ትንሽ ስባሪ ያንሡ። ከባድ፣ ጥቁርና በሰንጢ ለመጫር የሚያስቸግር፣ አንዳንዴም በትንንሽ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ነጭ ማዕድን የሞላበት ከሆነ ባዛልት ነው። በጣት ሲያሹት ቅንጣቱ እንደ ስኳር የሚፈረፈር ከሆነ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ሁለቱ ነጣ ያሉ ድንጋዮች፣ የኖራውና ጂፕሰሙ፣ ብዙ ጊዜ ይምታታሉ። በጥፍር ከተጫረ ጂፕሰም ነው። በጥፍር አልጫር ብሎ በሰንጢ ከተጫረ ደግሞ በተጫረው ዱቄት ላይ ሁለት ጠብታ ኮምጣጤ ያድርጉና ጆሮዎን ያስጠጉ፤ የኖራ ድንጋይ ከሆነ ትንንሽ አረፋ እየሰጠ በቀስታ ሲንሾካሾክ ይሰማል። በኖራ ድንጋዩ ፊት ላይ የዛጎል ቅርጽ ካጋጠመዎት ባሕሩ በእርግጥ እዚህ እንደነበረ የሚመሰክር ነውና ፎቶግራፍ ያንሡት፣ ነገር ግን ነቅለው አይውሰዱት፤ ለሚቀጥለው ተማሪም ያስፈልጋል።

በታችኛው የአሸዋ ድንጋይ ግድግዳ ላይ ደግሞ በአግድም ንጣፎቹ ውስጥ ገደድ ብለው የተሳሉ ቀጫጭን መስመሮችን ይፈልጉ። እነዚህ መስመሮች ጥንታዊው ወንዝ አሸዋውን እየገፋ ሲያንከባልል የተፈጠሩ ናቸው፣ የሚያዘነብሉበት አቅጣጫም ያ ወንዝ ይፈስ የነበረበት አቅጣጫ ነው።

ናዳን መለየት

ጀማሪን የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። በለስላሳው የጂፕሰም ተዳፋት መካከል ቤት የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ተቀምጦ ይታያል፣ ሰውም ባዛልቱ እዚህ ደረሰ ብሎ ይጽፋል። ያ ድንጋይ ግን ቦታው አይደለም፤ ከላይ ተፈንቅሎ የመጣ ነው። ድንጋይ በቦታው ነው የሚባለው ወደ ግራና ወደ ቀኝ በዚያው ከፍታ ሲቀጥል ብቻ ነው።

የናዳው ምክንያት ያው የንብርብሩ አቀማመጥ ነው። ከባዱ ባዛልትና ኖራ ድንጋይ በለስላሳው ላይ ተጭነዋል፤ የክረምቱ ዝናብ በስንጥቁ ሰርጎ ውኃ የማያሳልፈው ሸክላማ ንጣፍ ላይ ሲደርስ ይቆማል፣ ንጣፉም ሲረጥብ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ምንጮችም የሚፈልቁት በዚሁ መገናኛ ላይ ስለሆነ፣ በበጋ በገደሉ ወገብ ላይ አረንጓዴ ሆኖ የሚታይ መስመር ካለ የንጣፍ ድንበር እንደሆነ ይጠርጥሩ። የሚንቀሳቀስ መሬት ምልክቶቹ ብዙ ናቸው፦ ወደ አንድ ወገን ያዘነበሉ ዛፎች፣ በግማሽ ጨረቃ ቅርጽ የተሰነጠቀ አስፋልት፣ ደጋግሞ የተጠገነ መንገድ፣ በሽቦ የታሰረ የድንጋይ ግንብ። በሐምሌና በነሐሴ በእንደዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ቆሞ ማጥናት አይገባም።

በወንዙ ዳር

ድልድዩ ጥበቃ ስላለው ካሜራ ከማውጣትዎ በፊት ይጠይቁ። በወንዙም ውስጥ አዞ አለና ወደ ውኃው ጠርዝ አይጠጉ፣ ተማሪዎችንም አያስጠጉ። ከዳሩ ራቅ ብሎ ያለው የጠጠር ክምር ግን ጊዜ ሊሰጠው የሚገባ ነው። ከጠጠሩ ሃያ ድንጋይ ሳይመርጡ አንሥተው በዓይነት ይለዩ፤ ከላይ ሆነው ያዩት ሁሉ እዚህ ተሰብስቦ ይገኛል። ቁጥሩን ከማዶው ስዕል ጋር ሲያስተያዩ፣ ጠንካራው ባዛልት ክብ ሆኖ ሲበዛ ጂፕሰሙ ግን ሟሙቶና ተፈጭቶ መጥፋቱን ይረዳሉ። ጠፍጣፋዎቹ ድንጋዮች እንዴት እንደተደገፉም ይመልከቱ፤ ጎርፉ ሲያስተኛቸው አንዱ በሌላው ላይ እንደ ጣራ ቆርቆሮ እየተደራረቡ፣ ፊታቸው ወደ ወንዙ አመጣጥ አዘንብሎ ይተኛሉ። ውኃ በሌለበት ደረቅ ጅረት ውስጥ እንኳ ጎርፉ ከየት እንደመጣ በዚህ ይታወቃል።

በግድግዳው ላይ የክረምቱ ሙላት የተወውን የደለል ምልክት ፈልገው ከውኃው በላይ ስንት ሜትር እንደሆነ ይገምቱ። ከዓመቱ የዓባይ ውኃ ከአምስት እጅ አራቱ ገደማ የሚፈሰው ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባሉት ወራት ነው፤ ሸለቆውም በዋናነት የሚቆፈረው፣ ጠጠሩም የሚንከባለለው በነዚያ ወራት ነው። በበጋ የሚያዩት ለስላሳ ወንዝ ይህን ገደል የቆረጠው ወንዝ አይመስልም።

ወደ ደጀን ሲወጡ

ብዙዎች ድልድዩን ካለፉ በኋላ ደብተራቸውን ይዘጋሉ፤ ነገር ግን ንባቡ የሚፈተነው በዳገቱ ላይ ነው። አሁን ማዶው የጎሐ ጽዮን ገደል ሆኗል፣ የሚወጡትም ጠዋት የሳሉትን ግድግዳ ነው። ድንጋዩ በተለወጠ ቁጥር ከፍታውን መዝግበው በቁልቁለቱ ከመዘገቡት ጋር ያስተያዩ። ሁለቱ ቁጥሮች ከተቀራረቡ ንብርብሩ አግድም መሆኑን በራስዎ ልኬት አረጋግጠዋል። በአሥሮች ሜትር ከተለያዩ ደግሞ ስሕተት ነው ብለው አይሰርዙት፤ በሁለቱ መካከል መሬቱን ያዛነፈ ስምጥ መስመር ሊኖር ይችላል፣ ወይም አንደኛውን የለኩት ከላይ ተንሸራትቶ በወረደ ቁራሽ ላይ ሊሆን ይችላል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት ደጀን አፋፍ ላይ ቆመው የዚያን ንጣፍ መስመር በማዶው ገደል ላይ ከግራ ወደ ቀኝ በዓይንዎ ይከተሉት፤ መስመሩ በአንድ ቦታ ተቆርጦ ከዚያ ወዲያ ሁሉ ዝቅ ብሎ ከቀጠለ ስምጥ መስመር ነው፣ አንድ ቁራሽ ብቻ ወርዶ ከጎኑ ያለው በቦታው ከቀረ ናዳ ነው። ቦታውን በካርታዎ ላይ በእርሳስ ያክብቡትና ከፍታውንና ቀኑን ከጎኑ ይጻፉበት።